ዳቦ ጠላት ሲሆን፦ ከምርመራው በኋላ የሚጀመረው የሲሊያክ ጨዋታ

የኳስ አፍቃሪ ስለ ጉልበት ጅማት መበጠስ ከሐኪም ያልተናነሰ ያውቃል። አንድ ኮከብ ተጫዋች ጅማቱ ሲበጠስ ቀዶ ህክምና እንደሚያደርግ፣ ከዚያ በኋላ ለወራት ከፊዚዮቴራፒስት ጋር እንደሚለፋ፣ መጀመሪያ ውሃ ውስጥ፣ ቀጥሎ በብስክሌት፣ ቀጥሎ ለብቻው ሜዳ ዳር እየሮጠ ቀስ በቀስ ወደ ቡድኑ እንደሚመለስ ማንም አይስተውም። «ቀዶ ህክምናው ተሳክቷል፤ በቃ ቅዳሜ ትሰለፋለህ» የሚል የክለብ ሐኪም ቢኖር ደጋፊው ራሱ ያባርረዋል።

ሲሊያክ የሚባለው የአንጀት በሽታ የተገኘባቸው ብዙ ሰዎች ግን የሚስተናገዱት ልክ እንዲህ ነው። በሽታው እንዳለባቸው ይነገራቸዋል። «ከዛሬ ጀምሮ ስንዴና ገብስ እንዳትቀምስ» ይባላሉ። እድለኛው አንድ ገፅ ወረቀት ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ራስህን ቻል ነው። እውነተኛው ጨዋታ የሚጀመረው ግን ገና ያኔ ነው። ለዚህ በሽታ የሚዋጥ ኪኒን፣ የሚወጋ መርፌ የለውም። ህክምናው በየቀኑ ሶስት ጊዜ ከፊት የሚቀርበው ሳህን ነው፤ ዕድሜ ልክ። አሰልጣኙ ደግሞ የአመጋገብ ባለሙያው፣ በውጪው አጠራር ዳይቲሺያኑ ነው።

1 ሰከንድ ከ40

እ.ኤ.አ በ2008 ዩጂን ከተማ ውስጥ፣ በታዋቂው ሄይዋርድ ፊልድ የአሜሪካ የኦሊምፒክ መምረጫ ውድድር እየተካሄደ ነው። የሴቶች 10 ሺህ ሜትር ፍፃሜ። ሻላን ፍላናጋንና ካራ ጋውቸር ከፊት ሆነው የቤጂንግ ትኬታቸውን ቆርጠዋል። ከኋላቸው የምትሮጠው ኤሚ ዮደር ቤግሊ ግን ሶስተኛ መውጣት ብቻ አይበቃትም። ለኦሊምፒኩ የተቀመጠውን የ31 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ሚኒማ ማሟላት አለባት። ይህን ካላደረገች ሚኒማውን ቀድማ የያዘችው ኬቲ ማክግሪገር ቦታዋን ትወስዳለች። ቤግሊ በመጨረሻዎቹ ዙሮች ጥርሷን ነክሳ ሮጠችና 31፡43.60 ገባች። ሚኒማውን ያለፈችው በ1 ሰከንድ ከ40 መቶኛ ብቻ ነበር።

ቤጂንግ ላይ የሆነውን ኢትዮጵያዊ አንባቢ በደንብ ያስታውሰዋል። ባለ ህፃን ፊቷ ጥሩነሽ ዲባባ በ29፡54.66 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብራ ወርቁን ያጠለቀችው በዚያው ውድድር ነው። ከጥሩነሽ ጋር አንድ መስመር ላይ ቆመው ከተነሱት መካከል አንዷ ቤግሊ ነበረች።

ይህች አትሌት ሲሊያክ እንዳለባት ያወቀችው ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ2006 ነው። ከዚያ በፊት ለዓመታት የሆድ ችግር ሲያሰቃያት ኖሯል። የረጅም ርቀት ሯጭ ደግሞ ነዳጁ ዳቦና ፓስታ ነው፤ ለእሷ ግን ነዳጁ ራሱ መርዝ ሆኖ ተገኘ። ሞተሩን ሳታጠፋ ነዳጁን መቀየር ነበረባት።

በ2009 የበርሊን የዓለም ሻምፒዮናም ያው ነው። መሰለች መልካሙ አሸነፍኩ ብላ እጇን ስታነሳ ኬንያዊቷ ሊኔት ማሳይ በመጨረሻዋ ቅፅበት የቀደመቻት፣ ውዴ አያሌው ሶስተኛ የወጣችበት፣ ያ አንጀት ያሳረረ 10 ሺህ ሜትር! በዚያ ፍፃሜ 6ኛ ሆና በ31፡13.78 የገባችው ቤግሊ ናት። እርግጥ ነው፣ ስንዴ ስላቆመች ብቻ ነው እዚህ የደረሰችው ማለት አይቻልም፤ ልምምዱም፣ ተሰጥኦውም አለ። ነገር ግን የበላውን በቅጡ የማይመጥ አንጀት ይዞ 25 ዙር ከእነ መሰለች ጋር መፎካከር የማይታሰብ ነው።

ሜዳው ሲላጭ

ሲሊያክ አለርጂ አይደለም። የሰውነት መከላከያ ሠራዊት ራሱን የሚያጠቃበት በሽታ ነው፤ በኳስ ቋንቋ ተከላካዩ በራሱ ጎል ላይ ደጋግሞ እንደሚያስቆጥር ቁጠሩት። ቀስቃሹ ግሉተን የሚባለው ፕሮቲን ነው። ግሉተን የሚገኘው በስንዴ፣ በገብስና በአውሮፓ በብዛት በሚበቅለው ራይ በተባለው እህል ውስጥ ነው። ሊጡን እንደ ማስቲካ የሚለጥጠው፣ ዳቦውን የሚያስነፋው እሱ ነው።

የጤነኛ ሰው ትንሹ አንጀት ውስጠኛ ግድግዳ ጥሩ ሳር እንደበቀለበት ሜዳ ነው። ጥቃቅን ጣት የሚመስሉ ነገሮች ጥቅጥቅ ብለው ቆመው ከምግቡ ብረቱን፣ ካልሲየሙን፣ ቫይታሚኑን ይመጥጣሉ። ሲሊያክ ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ እነዚህ ጣቶች እየተቀጠፉ ሜዳው ይላጫል። ከዚያ የተበላው ምግብ ጥቅም ላይ ሳይውል ያልፋል። ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋት፣ ክብደት መቀነስ፣ የደም ማነስ፣ የማይለቅ ድካም፣ የአፍ ቁስል፣ የአጥንት መሳሳት፣ በልጆች ላይ ደግሞ ከዕድገት መቀጨጭ ይከተላል። አንዳንዱ ሰው ሆዱን ፈፅሞ አያመውም፤ ብረት ኪኒን እየዋጠም የማይስተካከል የደም ማነስ ብቻ ነው የሚታይበት።

በብዙ አገሮች ከ100 ሰው አንዱ አካባቢ ይህ በሽታ እንዳለበት ጥናቶች ያሳያሉ። አባት፣ እናት፣ ወንድም፣ እህት ወይም ልጅ ሲሊያክ ካለበት ግን ዕድሉ ወደ 10 ከመቶ ይጠጋል። «ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው» ለሚል ደግሞ መልሱ ከአፍሪካ ይመጣል። በ1999 ላንሴት በተባለው የህክምና መፅሔት የወጣ ጥናት እንዳመለከተው በሰሃራዊ ህፃናት ላይ በተደረገ ምርመራ 5.6 ከመቶ የሚሆኑት ሲሊያክ ተገኝቶባቸዋል። እስከዚያ ጊዜ ድረስ በዓለም ላይ ከተመዘገበው ሁሉ የበለጠ ነበር።

ጦርነቱ ያጋለጠው ዳቦ

የበሽታው ስም ድሮ ጀምሮ ይታወቃል። እንግሊዛዊው ዶክተር ሳሙኤል ጊ በ1888 ምልክቶቹን በዝርዝር ከመፃፋቸውም በላይ መዳን ካለ የሚገኘው በምግብ ነው ብለው ነበር። የትኛው ምግብ እንደሆነ ግን የታወቀው ቆይቶ ነው።

ጎሉን ያገባው ሆላንዳዊ ነው። ዊለም ካረል ዲከ በሄግ ከተማ የህፃናት ሐኪም የነበሩ ሲሆን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምሮ ስንዴን ይጠረጥሩ ነበር። በ1944 እና 45 ክረምት ጀርመኖች መንገድ ዘግተው ሆላንድ በረሀብ ስትመታ ዳቦ ከገበያ ጠፋ። ሌላው ልጅ እየከሳ እያለ የሲሊያክ ህፃናቱ ግን ተሻላቸው! ዳቦው ሲመለስ በሽታውም ተመለሰ። ዲከ ይህንን ይዘው በ1950 በዩትሬክት ዩኒቨርስቲ የዶክትሬት ፅሁፋቸውን አቀረቡ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚሰጠው ህክምና ከዚህ የመነጨ ነው።

ፊሽካው ሳይነፋ ሜዳ መልቀቅ

የስፖርት አፍቃሪ ስለ ግሉተን የሰማው ምናልባት ከኖቫክ ጆኮቪች ይሆናል። ሰርቢያዊው በ2010 የአውስትራሊያ ኦፕን ሩብ ፍፃሜ ላይ ሆዱ ተረብሾ በጆ ዊልፍሬድ ሶንጋ በአምስት ሴት ተሸነፈ። በዚያው ዓመት ግሉተን አቁም ተባለ። ወላጆቹ ፒዛ ቤት የነበራቸው ልጅ ዳቦ ተወ። በ2011 ደግሞ ሶስት ግራንድ ስላም ወስዶ የዓለም ቁጥር 1 ሆነ። ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ፤ ጂም የሚመላለሰው ሁሉ ግሉተን አቆምኩ ማለት ጀመረ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጆኮቪች በ2013 ባወጣው መፅሐፉ እንደተረከው የመጀመሪያው «ምርመራ» ቁራጭ ዳቦ ሆዱ ላይ አስደግፎ የክንዱን ጥንካሬ መለካት ነበር። ይህ በህክምናው ዓለም ሲሊያክን የሚያረጋግጥ ምርመራ አይደለም። ትክክለኛው መንገድ መጀመሪያ ፀረ እንግዳ አካላትን የሚያሳይ የደም ምርመራ፣ ቀጥሎ በብዙ አዋቂ ታካሚዎች ላይ በኢንዶስኮፒ ከትንሹ አንጀት ናሙና መውሰድ ነው።

ትልቁ ስህተት ደግሞ ሳይመረመሩ ዳቦ ማቆም ነው። ግሉተን ከቆመ ደሙም ይጠራል፣ አንጀቱም መዳን ይጀምራል፤ ምርመራው ምንም የለም ይላል። ዳኛው ሳይደርስ ማስረጃውን ከሜዳ እንደማንሳት ነው። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪው ናይስ በ2015 ባወጣው መመሪያ ተመርማሪው ቢያንስ ለ6 ሳምንት በየቀኑ ከአንድ በላይ በሆነ ማዕድ ግሉተን ያለበት ምግብ እየበላ እንዲቆይ ያዛል። አሞኛል የሚል ሰው ሐኪም ሳያየው ስንዴ አይተው።

ዳይቲሺያኑ ምን ይሰራል?

«ስንዴና ገብስ አትብላ ለማለት ባለሙያ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። በወረቀት ላይ አንድ መስመር ነው፤ ወጥ ቤት ሲገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ባለሙያው መጀመሪያ የሚሰራው መጠየቅ ነው። ጠዋት ምን ትበላለህ? ማን ነው የሚያበስልልህ? የት ነው የምትበላው? ገቢህ ስንት ነው? ምክንያቱም ወታደር ካምፕ የሚበላና እናቱ ቤት የሚበላ ሰው አንድ ዓይነት ምክር አይሰጣቸውም። ቀጥሎ የተደበቀውን ግሉተን ያሳያል። ፓስታና ዳቦ በግልፅ የሚታዩ አጥቂዎች ናቸው፤ ማንም ይይዛቸዋል። ከኋላ ሾልከው የሚገቡት ግን አሉ፦ ሾርባ ለማወፈር የሚጨመር ዱቄት፣ ሶያ ሶስ፣ ቋሊማ፣ ዱቄት ነክቶ የተጠበሰ ዓሳ፣ ከገብስ ብቅል የሚጠመቅ ቢራ። የታሸገ ምግብ ላይ ያለውን ፅሁፍ ማንበብም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ በ2008 ባሻሻለው መስፈርት «ከግሉተን ነፃ» የሚባለው በ1 ኪሎ ምግብ ውስጥ ከ20 ሚሊ ግራም የማይበልጥ ግሉተን ያለው ነው።

«ትንሽ ብትነካው ምን ይሆናል?» የሚለው ደግሞ የቤተሰብ ሁሉ ጥያቄ ነው። በ2007 የወጣ አንድ የጣልያኖች ጥናት በቀን 50 ሚሊ ግራም ግሉተን ለ3 ወር የወሰዱ ታካሚዎች አንጀታቸው እንደተጎዳ አሳይቷል። አንድ ቁራጭ ዳቦ ውስጥ ያለው 2 ግራም አካባቢ ነው። ስለዚህ 50 ሚሊ ግራም ማለት ፍርፋሪ ነው! ዳቦ የተቆረጠበት ቢላ፣ ፓስታ የተቀቀለበት ውሃ፣ ስንዴ የተጠበሰበት ዘይት ጨዋታውን ሊያበላሹት ይችላሉ ማለት ነው።

አንድ ተጫዋች ከቡድኑ ጋር ሆቴል ሲያርፍ አስቡት። ቡፌው ላይ ሩዙና ማካሮኒው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ጭልፋው አንድ ነው። ከጨዋታ በፊት ጉልበት የሚሰጥ ካርቦሃይድሬት መብላት አለበት፤ ቡድኑ በሙሉ ፓስታውን ያነሳል፣ እሱስ? ሩዝ፣ ድንች፣ በቆሎ፣ ስኳር ድንች፣ ሙዝ አለ። ሆኖም ሆቴሉ ቀድሞ ካልተነገረው፣ ምግቡ ለብቻ ካልተሰራለት ልጁ ወይ ተርቦ ይገባል ወይ ታሞ ይወጣል። ይህንን አስቀድሞ የሚያደራጀው የአመጋገብ ባለሙያው ነው።

ሌላም አለ። ስንዴ ሲወጣ አብሮት የሚወጣ ነገር ይኖራል። በብዙ አገር የስንዴ ዱቄት ብረትና ፎሊክ አሲድ ይጨመርበታል፤ ከግሉተን ነፃ ተብለው የሚሸጡት ብስኩትና ዳቦዎች ደግሞ ብዙዎቹ በስኳርና በስብ የተሞሉ፣ በአሰር የደኸዩ ናቸው። ባለሙያው ብረቱ፣ ካልሲየሙ፣ ቫይታሚን ዲው፣ ቢ12ቱ ከየት እንደሚተካ ያሰላል። አንጀቱ እስኪያገግም ወተት የማይስማማው ታካሚም አለ፤ ሲድን ብዙውን ጊዜ ይመለስለታል። ይህን የማያውቅ ሰው ግን ወተትን ዕድሜ ልኩን ይተውና አጥንቱን ይጎዳል።

የክትትሉ መርሃ ግብር

ሊግ በአንድ ጨዋታ አያልቅም። ክትትሉም እንደዚያው ነው። በተለመደው አሰራር ታካሚው በሽታው ከታወቀ በኋላ ከመጀመሪያው የምክር ቀጠሮ ቀጥሎ በወራት ውስጥ ተመልሶ ይታያል። የደም ምርመራው ይደገማል፤ ፀረ እንግዳ አካላቱ እየወረዱ ካልሆነ ግሉተን ከአንድ ቦታ እየገባ ነው ማለት ነው። ወደ ጤነኛ መጠን ለመውረድ ከ6 ወር እስከ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። የአዋቂ ሰው አንጀት ሙሉ በሙሉ ለመዳን ደግሞ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የሚወስድበት ጊዜ ብዙ ነው። እዚህ ላይ ተስፋ የሚቆርጥ አለ። «ስድስት ወር ተሰቃየሁ፣ አሁንም ይደክመኛል፣ ምን ዋጋ አለው?» ብሎ ወደ ዳቦው ይመለሳል። ያኔ «ቆይ፣ ውጤትህ ከባለፈው ግማሽ ወርዷል፤ መንገድ ላይ ነህ» የሚለው ሰው ከሌለ ጨዋታው በፎርፌ ያልቃል።

ናይስ በመመሪያው ላይ ለታካሚዎች በየዓመቱ ግምገማ እንዲደረግ ይመክራል። ክብደትና ቁመት ይለካል፣ ምልክቶች ይጠየቃሉ፣ አመጋገቡ ይፈተሻል፣ የባለሙያ ምክር ያስፈልግ እንደሆነ ይታያል። የአጥንት ጥንካሬ፣ የደም ማነስ፣ አብሮ የመምጣት ልማድ ያለው የታይሮይድ ችግርም እንዲሁ ይታያል። የታካሚው ወንድምና እህት፣ ልጆችም እንዲመረመሩ ይነገራል።

ህመሙ አልለቅ ሲልም የመጀመሪያው ተጠሪ ሌላ ከባድ መድኃኒት ሳይሆን የአመጋገብ ባለሙያው ነው። ምክንያቱም በእንዲህ ያለ ጊዜ በብዛት የሚገኘው ጥፋተኛ ሳይታወቅ የሚበላ ግሉተን ነው። የእናት በርበሬ ላይ የተጨመረ ዱቄት ሊሆን ይችላል፣ የሲኒማ ቤት መክሰስ ሊሆን ይችላል። ይህ ተፈትሾ ካልተገኘ ነው ሐኪሞቹ ወደ ሌላ ምርመራ የሚያልፉት።

ሚዛን ብቻውን ክትትል አይደለም

በስፖርቱ ዓለም «ምግብህን እከታተላለሁ» የሚል ሁሉ የአመጋገብ ባለሙያ አይደለም። ወደ ቤግሊ ስንመለስ፣ አትሌቷ በ2019 በአደባባይ እንደገለፀችው በ2011 በአሜሪካ ሻምፒዮና 10 ሺህ ሜትር 6ኛ ከወጣች በኋላ በነበረችበት ቡድን ውፍረትሽ በዝቷል ተብላ ከቡድኑ ተሰናብታለች። ሲሊያክ ያለባት፣ አገሯን በኦሊምፒክ የወከለች አትሌት በሰውነቷ ቅርፅ ተመዘነች።

ይህ ታሪክ ለዚህ ፅሁፍ ትልቅ ትምህርት አለው። ሲሊያክ ያለበት ሰው ግሉተን ሲያቆም አንጀቱ ምግብ መምጠጥ ስለሚጀምር ክብደቱ ይጨምራል። ብዙ ጊዜ ይህ የመዳን ምልክት ነው። ሚዛን ብቻ የሚያይ አሰልጣኝ ግን የሚታየው ቁጥሩ ብቻ ነው፤ ብረቱ ምን ያህል ደረሰ፣ አጥንቱስ፣ ልጁ እንቅልፍ ይተኛል ወይ ብሎ አይጠይቅም። ባለሙያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አመጋገብ እንደ ቅጣት ከተያዘ ስፖርተኛው ህመሙን መደበቅ ይጀምራል፤ የተደበቀ ህመም ደግሞ አይታከምም።

ፓስታ አገር እንዴት ይኖራል?

ሲሊያክ ያለበት ሰው በጣልያን ሊኖር አይችልም የሚል ይኖራል። በተቃራኒው ነው። የፒዛና የፓስታዋ አገር በጉዳዩ ላይ ከሁሉም ቀድማ የምትገኝ ናት። በ2005 የወጣው ሕግ ቁጥር 123 ሲሊያክን ማህበራዊ ጠቀሜታ ያለው በሽታ ብሎ የተቀበለ ሲሆን ትምህርት ቤቶችና ሆስፒታሎች ካፍቴሪያቸው ውስጥ ከግሉተን ነፃ ምግብ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። መንግሥት ለታካሚው በየወሩ ከግሉተን ነፃ ምግብ የሚገዛበት ድጎማም ይሰጣል፤ በ2018 በወጣው ተመን ከ18 እስከ 59 ዓመት ላለ ወንድ 110 ዩሮ፣ ለሴት 90 ዩሮ ነው። በ2023 ደግሞ ሕፃናትና ታዳጊዎች በሙሉ ለሲሊያክና ለአንደኛው ዓይነት ስኳር በሽታ እንዲመረመሩ የሚፈቅድ ሕግ ፓርላማው አፅድቋል። ልጁ በሽታው ታውቆለት ካደገ አካዳሚ ሲገባ አሰልጣኙ «ይሄ ልጅ ለምን ቶሎ ይደክማል?» እያለ አያባርረውም።

ቆሎ፣ በሶና ጤፍ

ወደ አገር ቤት ስንመጣ ነገሩ ሁለት መልክ አለው። ሆዱን የሚያመው ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ስም የታወቀ ነው፤ ወይ ጨጓራ፣ ወይ አሜባ፣ ወይ ጃርዲያ። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። መድኃኒቱን ደጋግሞ ወስዶ ያልተሻለው፣ ደሙ አልሞላ ያለው፣ ክብደቱ እየወረደ ያለ ሰው ግን ሐኪሙን «ሲሊያክስ ቢታይ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

የአበሻ ማዕድ ለሲሊያክ ታካሚ ወጥመድም መዳኛም ነው። ስታዲየም ደጃፍ የሚገዛው ቆሎ ገብስና ስንዴ ነው። ሯጩ የሚወደው በሶ ገብስ ነው። ቂንጬ፣ ጨጨብሳ፣ ገንፎ፣ ሳምቡሳ፣ አምባሻ ያው ናቸው። ማታ ፕሪሚየር ሊግ እየታየ የሚጠጣው ድራፍት የገብስ ብቅል አለበት፤ ጠላም ከዚህ አያመልጥም። አጃ ደግሞ ስሙ ራሱ ያሳስታል። ለአጥሚት የሚገዛው የከተማው አጃ አንድ ነገር ሆኖ በአንዳንድ አካባቢ ግን አጃ የሚባለው የስንዴ ዘመድ የሆነ እህል ነው። የከተማው አጃ ንፁህ ሆኖ ሲዘጋጅ አብዛኞቹ ታካሚዎች ይስማማቸዋል፤ ሌላኛው ግን ግሉተን ሞልቶበታል።

መዳኛው ጤፍ ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም። በ2005 የሆላንድ ላይደን ተመራማሪዎች 14 የጤፍ ዓይነቶችን ፈትሸው የሲሊያክ ታካሚን የሚጎዳ ግሉተን እንዳላገኙባቸው ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በተባለው መፅሔት አሳውቀዋል። ጤፉ በአውሮፓ ገበያ ሲፈለግ አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የባለቤትነት መብት እስከማውጣት ደርሶ ኢትዮጵያውያንን ሲያስቆጣ እንደነበር አይዘነጋም። በ2018 መጨረሻ የሄግ ፍርድ ቤት በሆላንድ ውስጥ መብቱ ዋጋ የለውም ሲል ወስኗል። ዶክተር ዲከ ስንዴን ጥፋተኛ ያሉባት ከተማ ጤፍን ነፃ አወጣች ማለት ነው!

ነገር ግን «እንጀራ ነው፣ ችግር የለውም» ብሎ መጉረስ አይቻልም። ጤፍ ሲወደድ ገብስ፣ ስንዴ ይቀላቀልበታል። በአሜሪካ ያሉ የአበሻ ምግብ ቤቶችም ብዙዎቹ ሊጡን በስንዴ ወይም በገብስ ዱቄት ይቀላቅላሉ፤ ለዚህ ነው ግሉተን የማይበላ ደንበኛ ገብቶ «መቶ በመቶ ጤፍ ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው። ንፁህ ጤፍ ገዝቶም ወፍጮ ቤቱ አለ። ከፊቱ የነበረው ሰው ስንዴ አስፈጭቶ ከሄደ የመጀመሪያው ዱቄት የሁለቱም ነው። እርሾው ከጎረቤት ከመጣ ጎረቤት ምን እንዳቦካች መጠየቅ አለበት። ይህንን በፈረንጅ የተፃፈ የምክር ወረቀት አይነግርም። የኛን ወጥ ቤት የሚያውቅ ባለሙያ ነው የሚነግረው።

በሐኪም ቤት ቀጠሮ የሌለው ሰውስ? ቢያንስ የሚበላውን በማስታወሻ መፃፍ፣ ጤፉን ለቅሞ ለብቻ ማስፈጨት፣ የራሱን እርሾና ምጣድ መያዝ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ደሙን ማስመርመር ይችላል። ቤተሰቡም «አንድ ጉርሻ ምን ያደርግሃል፣ ጥጋብ ነው» ማለቱን ማቆም አለበት። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ለዚህ ሰው ግን የጤፍ ጉርሻ መሆን አለበት።

ክለቦቹስ?

አርሴን ቬንገር በ1996 ከጃፓኑ ናጎያ ግራምፐስ ወደ አርሰናል ሲመጣ መጀመሪያ የቀየረው አሰላለፉን ብቻ ሳይሆን የምግብ ጠረጴዛውን ነበር። ቸኮሌቱ ተነሳ፣ የተቀቀለ ዶሮ፣ ዓሳና አትክልት መጣ። ተጫዋቾቹ አጉረመረሙ፤ በ1998 ግን ሊጉንና የኤፍ ኤ ዋንጫውን በአንድ ላይ አነሱ። ከዚያ ወዲህ የአመጋገብ ባለሙያ የሌለው ትልቅ የአውሮፓ ክለብ ማግኘት ይከብዳል።

የባለሙያው ሥራ ግን ለ25ቱ ተጫዋች አንድ ምናሌ ማውጣት ብቻ አይደለም። ከ100 ሰው አንዱ በሚለው ሂሳብ አራት ክለቦችን ብንሰበስብ አንዱ ተጫዋች በዚህ በሽታ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ያ ልጅ ዛሬ «ሰነፍ ነው፣ ትንፋሽ የለውም፣ 60ኛው ደቂቃ ላይ ይጠፋል» እየተባለ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ክለቡ የሚሰጠው ቁርስ ሻይ በዳቦ ነው፤ ልጁ ደግሞ የቀረበለትን ይበላል። እንዲህ ያለውን ልጅ ከመሸጥ በፊት የደም ምርመራ ማዘዝ፣ ውጤቱ ካረጋገጠም ሳህኑን የሚከታተልለት ሰው መመደብ ከአንድ የውጪ ተጫዋች ዝውውር እጅግ ይረክሳል።